ማጉረምረም ሲሰማ
ለሥራ ኃላፊዎችና ለሠራተኞች የተዘጋጀ ጥናት

የሚነበቡ ክፍሎች፦ የሐዋርያት ሥራ 6፥1-7፤ ነህምያ ምዕራፍ 3 እና ምዕራፍ 5



በርዳታ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ስለ ስንዴ፣ ስለ ዘይት፣ ስለ መኪናና ስለ መንገድ ብዙ እንነጋገራለን። የምእመናን ስጦታ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ በወረቀት እናሳያለን። ነገር ግን ያን ስንዴ ከመጋዘን አውጥተው እስከ ተረጂው እጅ የሚያደርሱት ሰዎች እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚኖሩ የሚጻፍበት ቦታ በሪፖርታችን ውስጥ የለም። ስለማይጻፍም አንጠይቅም። በዚህ ጥናት የምንመለከተው ይህንኑ ነው፤ ይኸውም አንድ የሥራ ኃላፊ ከሠራተኞቹ ጋር፣ ሠራተኞቹም እርስ በርሳቸው ያላቸው ግንኙነት የሚጸናው ወይም የሚፈርሰው በምን ላይ እንደ ሆነ ነው።

እኔ የደረስሁበትን አስቀድሜ ልናገር። ይህ ግንኙነት የሚሠራው በዓመት አንድ ጊዜ በሚደረግ ግብዣ ወይም በስብሰባ መክፈቻ ንግግር አይደለም። ቅሬታ በሚመጣበት ቀን ነው። ቅሬታው ሳይዘገይ ከተሰማና የአሠራሩ ጉድለት ከተስተካከለ ሰዎች ይቀራረባሉ፤ ካልተሰማ ግን አብሮ መጸለይም ሆነ አብሮ መብላት አይተካውም። ይህን የተማርሁት በገዛ ስሕተቴ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ቀድሞ ይናገረው እንደ ነበር ያየሁት በኋላ ነው።

ሦስት ጆንያ

በአንድ ወረዳ የእህል እደላ ፕሮጀክት ኃላፊ ሆኜ በሠራሁበት ጊዜ 23 ሠራተኞች ነበሩን። ከፊሎቹ በየእደላ ጣቢያው እየዞሩ ተረጂዎችን ይመዘግባሉ፣ ያድላሉ። የቀሩት በዋናው ጣቢያ በመጋዘን፣ በጽሕፈት ቤትና በጥበቃ የተመደቡ ናቸው። ወደ መስክ የሚወጡት የውሎ አበል ይከፈላቸው ነበር። የመጋዘን ሰዎች ከቤታቸው ርቀው ስለማያድሩ አበል የላቸውም። ይሁን እንጂ የጭነት መኪናዎች የሚደርሱት በአብዛኛው ማታ ስለ ነበር፣ ሌሊት እየተነሡ ያራግፋሉ፣ ይጭናሉ፤ ጠዋትም በ2 ሰዓት እንደ ማንኛውም ሰው ሥራ ይገባሉ። ይህን ደንብ በክፋት ያወጣው ሰው የለም። ደንቡን የጻፈው ሰው በሌሊት የሚመጣ መኪና አላሰበም፤ ይህ ብቻ ነው።

የመጋዘኑ ኃላፊ ዝምተኛና ጠንቃቃ ሰው ነበር። ቀስ በቀስ ከማለዳው ጸሎት መቅረት ጀመረ። ሌሎቹም በሻይ ሰዓት ሁለት ቦታ ይቀመጡ ጀመር፤ የመስክ ሰዎች በረንዳው ላይ፣ የመጋዘን ሰዎች ከመጋዘኑ ጥላ ሥር። እኔም ይህን አየሁ፤ ያየሁትን ግን የመንፈስ መቀዝቀዝ ነው ብዬ ተረጎምሁት። ስለዚህ አንድ ሰኞ ማለዳ እስራኤላውያን በምድረ በዳ እንዴት እንዳጉረመረሙና ምን እንደ ደረሰባቸው ሰበክሁ። ጥሩ ስብከት መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ጮክ ብለው አሜን ያሉት የመስክ ሠራተኞች ብቻ ነበሩ።

በዚያው ሳምንት ሁለት መኪናዎች ሌሊት ተጭነው ማለዳ ወደ አንድ ሩቅ ጣቢያ ሄዱ። በአገራችን በተለመደው መጠን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ይታደላል። ጆንያው 50 ኪሎ ስለሚይዝ 10 ሰዎች በአንድነት ተመድበው 3 ጆንያ ይካፈላሉ። እደላው ሊያልቅ ሲል ልክ 3 ጆንያ ጎደለ። አንዲት እናት ከ5 ልጆቿ ጋር፣ 4 ነፍስ ያለበት ሌላ ቤተ ሰብም፣ ስማቸው በመዝገብ እያለ፣ ካርዳቸውን በእጃቸው እንደ ያዙ፣ ያመጡትን ባዶ ከረጢት አጣጥፈው ተመለሱ። የመጡት የግማሽ ቀን መንገድ በእግር ተጉዘው ነበር። ቀጣዩ ጭነት የደረሰላቸው ከ8 ቀን በኋላ ነው።

ሌባ ፍለጋ ጀመርሁ። ሌባ ግን አልነበረም፤ ሦስቱ ጆንያዎች በመጋዘኑ ውስጥ ነበሩ። ጫኞቹ በባትሪ ብርሃን ሲቆጥሩ ተሳስተዋል። የመጋዘኑ ኃላፊ ንጋት ላይ ቀሪውን ቆጥሮ ትርፉን አግኝቷል። መኪናዎቹ ከወጡ ገና አንድ ሰዓት አልሞላም ነበርና የጽሕፈት ቤቱ ፒክአፕ ጆንያዎቹን ጭኖ ሊደርስባቸው ይችል ነበር። ለምን እንዳልነገረኝ ስጠይቀው፣ «አልተጠየቅሁም» አለኝ። ተቆጣሁ፤ ብዙም ተናገርሁ።

በዚያ ምሽት ዘበኛችን ወደ ቢሮዬ መጣ። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ እርሱ ግን «ጋሼ» ይለኝ ነበር። ቆቡን አውልቆ በሩ ላይ ቆመና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ስለ ማጉረምረም ሰበኩን፤ ምን ብለን እንዳጉረመረምን ግን አልጠየቁንም» አለኝ። ከዚያም «ጌታ ያሳድርዎ» ብሎ ወደ ጥበቃው ተመለሰ።

በማግስቱ ከሥራ በኋላ ወደ መጋዘኑ ሄጄ ጆንያ ላይ ተቀመጥሁ። የመጋዘኑ ኃላፊ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻ ስለ ሌሊቱ ሥራ ሊያነጋግረኝ ሁለት ጊዜ ወደ ቢሮዬ መጥቶ እንደ ነበር፣ ሁለቱንም ጊዜ «በኋላ» ብዬ እንደ መለስሁት ነገረኝ። እኔ አንዱንም አላስታውስም ነበር። እርሱ ግን ቀኑንም ያስታውሳል።

እደላ የበዛበት ቤት በኢየሩሳሌም

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የርዳታ እደላ ታሪክ ነው። ብዙ ጊዜ ስለ ዲያቆናት ሹመት ብቻ እንደሚናገር አድርገን ስለምናነበው ይህን እንዘነጋዋለን። በምዕራፍ 4 መጨረሻ ላይ ምእመናን መሬትና ቤት እየሸጡ ዋጋውን በሐዋርያት እግር አጠገብ ያኖሩ እንደ ነበር፣ ለእያንዳንዱም እንደሚያስፈልገው ይካፈል እንደ ነበር ተጽፏል። እንግዲህ እደላው በሐዋርያት ኃላፊነት ሥር ነበረ ማለት ነው። በምዕራፍ 6 የተነሣው ማጉረምረምም በሌላ ሰው ላይ አልነበረም፤ በራሳቸው በኃላፊዎቹ አሠራር ላይ ነበር።

ያጉረመረሙት ግሪክኛ የሚናገሩት አይሁድ ናቸው፤ ምክንያታቸውም መበለቶቻቸው በየዕለቱ እደላ ቸል መባላቸው ነው። ሉቃስ ይህ በተንኮል ተደረገ አይልም። ምናልባት እንዲህ ሆኖ ይሆናል፦ በከተማው ዘመድ የሌላት፣ የአገሩን ቋንቋ በደንብ የማትሰማ መበለት ጥሪውን ሳትሰማ ትቀራለች፤ የሚያድለውም ሰው የሚያውቃቸውን ፊቶች ቀድሞ ያያል። ተረጂዎችን መዝግቦ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህ እንዴት እንደሚሆን ያውቀዋል። ክፉ ሰው ሳይኖርበት በደል ይፈጸማል።

አሁን ሐዋርያት ያላደረጉትን እናስተውል። ወሬውን ማን እንደ ጀመረው አልመረመሩም። ስለ አንድነት ሰብከው ጉዳዩን በስብከት አልዘጉትም፤ መስበክ ደግሞ ከማንም ይልቅ ይችሉ ነበር። መበለቶቹ ታጋሾች እንዲሆኑም አልመከሩም። ያደረጉት ይህ ነው፤ ማኅበሩን ሁሉ ጠሩ፤ ቃሉንም ማዕዱንም በአንድነት መሸከም እንደማይገባቸው በግልጽ ተናገሩ፤ ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አሳሰቡ። መስፈርቱን ራሳቸው ሰጡ፤ በመልካም የተመሰከረላቸው፣ መንፈስና ጥበብ የሞላባቸው እንዲሆኑ። ምርጫውን ግን ለማኅበሩ ተዉት።

ስሞቹንም ተመልከቱ፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ከአንጾኪያም የመጣው ኒቆላዎስ። ሁሉም የግሪክ ስሞች ናቸው። ስም ብቻውን የሰውን ወገን አያረጋግጥም፤ ከአሥራ ሁለቱ መካከልም እንድርያስና ፊልጶስ የግሪክ ስም ነበራቸው። ነገር ግን ከሰባቱ ሰባቱም እንዲህ ሲሆኑ፣ ብዙ የመጽሐፍ ተርጓሚዎች እንዳሉት፣ ማኅበሩ ቅሬታ ካቀረበው ወገን ሰዎችን መርጦ እደላውን በእጃቸው እንዳስረከበ ማሰብ ተገቢ ነው። እኛ ብንሆን ምናልባት ከየወገኑ እኩል ቁጥር ያለው ኮሚቴ እናቋቁም ነበር። ወይም አጉረምራሚውን «አስቸጋሪ» ብለን በፋይሉ ላይ እንጽፍበት ነበር።

በዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ነገሩ የእኛም ነውና። በአገራችን በአንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሦስትና አራት ቋንቋ የሚናገሩ ሠራተኞች በአንድነት ይሠራሉ። ኃላፊው ከሁለት ሰዎች ጋር በአፍ መፍቻ ቋንቋው ቀልዶ ሲስቅ በልቡ ምንም ክፋት ላይኖር ይችላል። በዚያው ክፍል የተቀመጠው ሦስተኛው ሰው ግን ሳቁን ይሰማል፤ ቀልዱን አይሰማም። በሚቀጥለው ወር የሥልጠና ዕድል ከሁለቱ ለአንዱ ቢደርስ፣ በሚገባውም ቢያገኘው እንኳ፣ ሦስተኛው ሰው ያን ሳቅ ያስታውሳል። እንዲህ ያለው ነገር ገና ትንሽ ሳለ በግልጽ ካልተነገረ በኋላ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ያን ጊዜም ስለ ሥልጠና መሆኑ ይቀራል።

ነህምያና የሠራተኞቹ ጩኸት

ነህምያ ምዕራፍ 3 ለሕዝብ ለማንበብ የሚያስቸግር የስም ዝርዝር ነው። በስብሰባ ላይ ማንበብ የለመደ ሰው እንኳ ይዘልለዋል። ለሥራ ኃላፊ ግን ትልቅ ትምህርት አለበት። «በአጠገቡ» የሚለው ቃል እየተደጋገመ ማን ከማን ቀጥሎ እንደ ሠራ ይነገራል። ሊቀ ካህናቱ ኤልያሴብ አለ፤ ወርቅ አንጥረኞችና ሽቶ ቀማሚዎች አሉ፤ የኢየሩሳሌም ግዛት እኩሌታ አለቃ የሆነው ሰሎም ከሴቶች ልጆቹ ጋር አለ። ብዙዎች በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን ቅጥር ሠሩ። ነህምያ የቴቁሓውያን ታላላቆች ትከሻቸውን ለሥራው እንዳልሰጡ መጻፉን አልተወም፤ ተራዎቹ ቴቁሓውያን ግን የራሳቸውን ክፍል ሠርተው ሌላ ሁለተኛ ክፍል እንደ ጨመሩም አልረሳም። ሰው ምን እንደ ሠራ በስሙ ያውቅ ነበር። ሌሊት የጫኑትን ሰዎች ስም በማለዳ የምናውቅ ኃላፊዎች ስንት ነን?

ቅጥሩ በ52 ቀን ተፈጸመ። በዚያ ጥድፊያ መካከል ግን፣ ጠላት በውጭ ሳለ፣ በምዕራፍ 5 የሕዝቡና የሚስቶቻቸው ታላቅ ጩኸት ተነሣ። በራብ ምክንያት እርሻቸውንና ቤታቸውን ለእህል አስይዘው፣ ለንጉሡ ግብር ተበድረው፣ ልጆቻቸውን ለባርነት እየሰጡ ነበር፤ አበዳሪዎቹም የገዛ ወንድሞቻቸው ናቸው። ነህምያ «ቅጥሩ ይለቅና እናየዋለን» ማለት ይችል ነበር። ምክንያትም አላጣም። እርሱ ግን እጅግ ተቆጣ፤ ከመናገሩም በፊት በልቡ አሰበበት። የእኔ ቁጣ ይህን መካከለኛ እርምጃ ዘልሎት ነበር። ከዚያም ታላላቆቹን ገሠጻቸው፤ በትልቅ ጉባኤም ፊት እርሱም ወንድሞቹም ብላቴኖቹም ገንዘብና እህል እንደሚያበድሩ ተናግሮ ወለዱን በአንድነት እንዲተዉ ጠየቀ። የራሱን ድርሻ አልሸሸገም። ጉባኤውም ያመነው ስለዚህ ይመስለኛል።

በዚያው ምዕራፍ ነህምያ ስለ ማዕዱ ይናገራል። ከአርጤክስስ ከ20ኛው ዓመት እስከ 32ኛው ዓመት፣ 12 ዓመት ሙሉ፣ ለአገረ ገዥ የሚገባውን ቀለብ አልበላም፤ በማዕዱ ግን 150 ሰዎች ይቀመጡ ነበር። የዛሬው ኃላፊ 150 ሰው መጋበዝ አይጠበቅበትም። ነገር ግን በመስክ ጉዞ ላይ ጋቢና ውስጥ የሚቀመጠው ሁልጊዜ ማን ነው? ከላይ በጭነቱ ላይ አቧራና ፀሐይ የሚመታውስ? ነርሷ ሲስተር ማለዳ ከመነሣቷ በፊት የምትታጠብበት ቦታ ታስቦላታልን? ሠራተኛው ኃላፊው ስለ ፍቅር ሲናገር ይሰማል፤ የሚያምነው ግን የጋቢናውን ወንበር አይቶ ነው።

የመድረኩ ነገር

ለወንጌላውያን ኃላፊዎች በተለይ አንድ ነገር ማሳሰብ እወዳለሁ። በሌላ መሥሪያ ቤት ያለ አለቃ ሠራተኛውን ሊገሥጽ ሲፈልግ በደብዳቤ ወይም በቢሮው ጠርቶ ይናገረዋል። እኛ ግን የማለዳ ጸሎት አለን፤ በዚያም መድረክ አለ፤ ለመድረክ ቃል መልስ መስጠት የሚደፍር የለም። በሰው ፊት ያልነገርነውን በመጽሐፍ ቅዱስ ተሸፍነን ስንናገር ሰሚው ለማን እንደ ተነገረ ያውቃል። ማቴዎስ 18፥15 የሚለው የበደለህን ሰው ብቻህን ሆነህ አናግረው ነው። የበደልሁት እኔ ልሆን እንደምችል አስቤ ብሄድ ኖሮ ያ ስብከት አይሰበክም ነበር።

«በኋላ» የሚለውም ቃል ከአንድ ቦታ ይመጣል። እኔ በዚያን ጊዜ እያንዳንዱን የነዳጅ ኩፖን፣ እያንዳንዱን የወጪ ሰነድ በራሴ እጅ እፈርም ነበር። የሙሴ አማት ዮቶር ሙሴን አንድ ቀን ሙሉ ከተመለከተ በኋላ እንዲህ ብትሠራ አንተም ሕዝቡም ትዝላላችሁ ብሎ የመከረው (ዘጸአት 18) ለእኔ ዓይነቱ ሰው ነው። ሁሉን የሚፈርም ሰው ማንንም ለመስማት ጊዜ የለውም።

ይህን ስል ማጉረምረም ሁሉ እውነት ነው ማለቴ አይደለም። ሰነፍም ያጉረመርማል፤ ዘይት የሸጠ ሰውም ሲያዝ ስለ በደሉ ይጮኻል። ንብረት ሲጎድል ቆጠራና ሕግ አለ፤ «ወንድማችን ነው» ብሎ መሸፈን የተረጂውን ድርሻ መስጠት ነው፤ ያን ለመስጠት ደግሞ ሥልጣን የለንም። ብቻ የትኛው የሰነፍ፣ የትኛው የትጉ ሰው ቅሬታ እንደ ሆነ ሳይሰሙ ማወቅ አይቻልም።

በቤተ ክርስቲያን በኩል በፕሮጀክት ኮሚቴ የምታገለግሉ ሽማግሌዎችም ድርሻ አላችሁ። ሠራተኛ ማታ ቤታችሁ መጥቶ ስለ ኃላፊው ሲነግራችሁ አዝናችሁ ትሰሙታላችሁ፤ መልካም ነው። ነገር ግን ቀጥሎ «ለእርሱ ነግረኸዋልን?» ብላችሁ ጠይቁት። አልነገርሁም ካለ አብራችሁት ሂዱ። ነግሬው አልሰማኝም ካለም አብራችሁት ሂዱ።

ከዚያ በኋላ የሆነው

በሚቀጥለው ሰኞ በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ሳልጠይቅ ስለ ሰበክሁ፣ ሁለት ጊዜም «በኋላ» ስላልሁ። ከዚያም ሠራተኞቹ ራሳቸው ሦስት ሰዎች መርጠው ስለ ሌሊት ጭነት ሥርዓት እንዲያወጡ ጠየቅኋቸው። የመጋዘኑን ኃላፊ፣ አንድ የመስክ መዝጋቢና ዘበኛውን መረጡ። ዘበኛው ይመረጣል ብዬ አላሰብሁም ነበር፤ ሌሊቱን ሁሉ የሚያየው ግን እርሱ ነው።

ሦስቱ ያመጡት ሐሳብ ይህ ነበር፦ ሌሊት የጫነ ሰው በማግስቱ ከቀትር በፊት ያርፍ፤ ጭነቱን ከመስክ ሠራተኞች አንዱ ከመጋዘኑ ሰው ጋር በአንድነት ይቁጠርና ሁለቱም ይፈርሙ፤ ሌሊት ለሚሠሩት አበል ይከፈል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በዚያው ሳምንት ጀመርን። ስለ አበሉ ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፍሁ፤ ደንቡ አይፈቅድም የሚል መልስ መጣ። ደብዳቤውን እንዳለ ለሁሉም አነበብሁላቸው። ደስ አልተሰኙም። ከመስክ ሠራተኞች አንዱም ሌሊት ቆሞ መቁጠሩ ከብዶት ከጥቂት ወራት በኋላ ሥራውን ለቀቀ። የመጋዘኑ ኃላፊ ወደ ማለዳው ጸሎት ተመለሰ፤ ወዲያው ግን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አንድ ንጋት በሬ ተንኳኳ። ገና 12 ሰዓት አልሆነም። የመጋዘኑ ኃላፊ ነበር፤ አንድ ጆንያ ተርፎ አግኝቷል፤ የፒክአፑን ቁልፍ ሊወስድ መጥቷል።

ለውይይት

ይህን ጥናት በጽሕፈት ቤት የምታነቡ ሠራተኞች፦ በሥራ ቦታችሁ ማንም የማያየው ሥራ የትኛው ነው? የሚሠራውስ ማን ነው? ባለፉት ሦስት ወራት «በኋላ» የተባለ፣ እስከ ዛሬም መልስ ያላገኘ ጉዳይ ካለ በስሙ ጥሩት።

በጉባኤ የምታነቡ ምእመናን፦ የሐዋርያት ሥራ 6፥1ን እንደገና አንብቡና በእናንተ ማኅበር ቋንቋው ወይም ዘመድ ማጣቱ ጥሪውን እንዳይሰማ የሚያደርገው ሰው ማን እንደ ሆነ ተነጋገሩ።

ለኃላፊዎች አንድ ጥያቄ ብቻ፦ መጋዘናችሁ ውስጥ ጆንያ ላይ የተቀመጣችሁት መቼ ነው?